የሙሐዲን ዋስ

ደብረ ታቦር ውስጥ የብረት በር ያለው ሰው ሁሉ፣ ምናልባት ሳያውቀው፣ የሙሐዲንን የእጅ ሥራ በየቀኑ ይነካል። ከገበያው በላይ ባለችው ብየዳ ቤቱ በርና መስኮት ሲሠራ ነው ዕድሜው ያለፈው። አንዳንዱን በር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ከአራት ማዕዘኑ ቱቦላሬ መካከል ክብና ስስ የሆነ፣ ለበር የማይመች ብረት ያገኛል። እሱ ሙሐዲን የሠራው አውሮፕላን አጥንት ነው። ጊዜው ሲከፋ ሙሐዲን በገዛ እጁ ፈታትቶ ለበር አዋለው። ዛሬ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና የሚለው በሌላ ልብ፣ በፍርሃት ነውና፣ እንዲህ ያለ ነገር ግቢ ውስጥ ማቆየት የሚቻል አልሆነም።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። የክንፎቹን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን በቅርብ አይቻለሁ። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢጽፈው ደስ ባለኝ ነበር፤ እስካሁን ግን የጻፈው የለም።

ሙሐዲንና እኔ እኩያሞች ነን። ልጆች ሳለን ከከተማው በታች ባለው ሜዳ አውሮፕላን ያርፍ ነበር። ሜዳው ሣር ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ሊመጣ ሲል ዘበኛው ከብቶቹን ያባርራል፤ አንዳንዴ አንዲት አህያ አልወጣም ትልና አውሮፕላኑ እሷን እየጠበቀ ከላይ ይዞራል። ድምፁን ስንሰማ መምህሩን ሳንፈራ ከክፍል እንወጣ ነበር። የፖስታ ከረጢት ይወርዳል፣ የመድኃኒት ካርቶን ይወርዳል፣ ጫማቸው አቧራ ያልነካው ሰዎች ይወርዳሉ። እኛ ሰዎቹን እናያለን፤ ሙሐዲን የሚያየው ጎማውን ነው። አንድ ቀን ዘበኛው ዞር ሲልለት ሮጦ ሄዶ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰና ተመለሰ። «ይሞቃል» አለኝ።

በኋላ መንገዱ ተሻሻለ፣ አውቶቡስ በዛ፣ አውሮፕላኑም መምጣቱን ተወ። የመጨረሻው ቀን የትኛው እንደነበር ማንም ልብ አላለም። ሜዳው ለከብት ቀረ። ሙሐዲን ብቻ ለብዙ ጊዜ ወደዚያ እየተመለከተ «ዛሬም አልመጣም» ይል ነበር።

አድገን እሱ ብየዳ፣ እኔ መርፌ ያዝን። ሁለታችንም ትዳር ይዘን፣ ልጆች ወልደን፣ ፀጉራችን መሸበት ሲጀምር ሙሐዲን ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ያለውን መጋዘን ጠረገ። ንድፉን ከስልኩ እያየ በኖራ ወለሉ ላይ በሙሉ ልኩ ሣለው። ሞተሩን ጎንደር ካገኘው አሮጌ ቮልስ መኪና ፈታ። ባለቤቱ ጀሚላ መጀመሪያ ላይ «ባሌ ግቢው ውስጥ ከዋለ ምን ጎደለብኝ» ብላ ተወችው። ወደ አንድ ቢሮ ሄዶ ፈቃድ ሲጠይቅ ደግሞ ጸሐፊው «ለማይነሳ ነገር ምን ፈቃድ እንሰጣለን? ከመሬት ከተነሳ ያኔ ና» ብሎ ሸኘው።

ለክንፉ ስስ ፖሊስተር መረጥን፤ ለኮት ገበር የሚሆነውን ዓይነት። ሰፍቼ ሳለብሰው እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ተጨማደደብኝና አፈርኩ። ሙሐዲን ግን የከሰል ካውያዬን አስመጣኝ። ቀስ እያልን ስንተኩሰው ጨርቁ በሙቀቱ እየተሰበሰበ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በጣቱ መታ ሲያደርገው ድም አለ። በመንገድ የምታልፍ ሴት «ሠርግ አላችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ከአውሮፕላኑ ፊት የሚሽከረከረውን፣ እኛ «ማራገቢያው» የምንለውን፣ የጠረቡት አያ ይሻው ናቸው። ከሜዳው አጠገብ የሚኖሩ፣ ሞፈርና ቀንበር በመጥረብ የታወቁ ገበሬ ናቸው። ከዋንዛ ግንድ ጠርበው፣ መሐሉን በጠፍር አንጠልጥለው፣ የከበደውን ወገን ትንሽ ትንሽ እየፋቁ አስተካከሉት።

«ቀንበር ወዲህና ወዲያ ካልተካከለ አንዱን በሬ ይገድላል» አሉ። «ለመሆኑ የዚህ በሬዎች የት አሉ?»

«በሬው ሞተሩ ነው፣ አያ።»

«አንድ በሬ? ከማን ጋር ሊጠመድ?»

«ከነፋሱ ጋር።»

«ነፋስ አይገራም፣ ልጄ» አሉና መፋቃቸውን ቀጠሉ።

እስከዚያ ድረስ ጀሚላ አውሮፕላኑን የምታየው እንደ አንድ ትልቅ በር ነበር። አንድ ቀን ሙሐዲን ሞተሩን አስነሥቶ ግቢው ውስጥ ወደፊት ሲያስኬደው ዶሮዎቹ በአጥር ዘለው ወጡ። ጀሚላ ከቤት ወጥታ ፊቱ ቆመች። እጇን አንሥታ ሞተሩን እስኪያጠፋ ጠበቀች።

«ማን ነው የሚቀመጥበት?»

«እኔ ነኛ።»

የጀሚላ አባት ጣራ ሠሪ ነበሩ። እሷ ልጅ ሳለች ቆርቆሮ ሲመቱ ወድቀው ሞቱ፤ ምሳ ይዛላቸው ስትደርስ ያየችው እሷ ናት። «አባቴን ከመሬት አንሥቻለሁ» አለችው። «ሁለተኛ ሰው አላነሣም።» አልጮኸችም። ወደ ቤት ገባች።

አውሮፕላኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመ። ሁሉ ነገሩ አልቆ ቆመ። ሰዎች «ሐሙሲት ዘመዶቿ ዘንድ ስትሄድ አስነሣውና ገላግለን» ይሉታል። ሙሐዲን አንገቱን ይነቀንቃል። «እሷ ሳትፈቅድ ከተነሣሁ የት ላይ ላርፍ ነው?» ይላል። መቼም ልጅነቱን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ያየሁበት ፊት የከብት መዋያ የሆነውን ሜዳ ይመለከት የነበረው ልጅ ፊት ነው።

በእኛ አገር ሰው ሰውን ማሳመን ሲያቅተው ሽማግሌ ይልካል። ለገዛ ሚስት ሽማግሌ የሚላከው ግን ተጣልተው ሲለያዩ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ላከ። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙሳ፣ መሪጌታ ዳኛቸውና አያ ይሻው በማለዳ ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ሙሐዲን በሽምግልናው መገኘት ስለሌለበት ብየዳ ቤቱ ገብቶ ተደበቀ። በቆርቆሮው ቀዳዳ እንደሚሰማን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ጀሚላ በሩን ከፍታ ሦስቱን ተሰልፈው ስታይ ሻርፗን አስተካከለች። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሙሳ።

ፊቷ ተለወጠ። ሽማግሌ እንዲህ ቆሞ አልቀመጥም የሚለው ልጅ ሊለምን ሲመጣ ነው፤ ልጇ ሰሚራ ደግሞ ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሚራ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም።»

«ለሰሚራ አይደለም። ለአባቷ ነው።»

«ለአባቷ?» ተራ በተራ አየቻቸው። «ሁለተኛ ሚስት ልታጩለት ነው?»

«ኧረ ልጄ!» አሉ መሪጌታ ደንግጠው። «በዚህ ጉዳይ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ስለ አውሮፕላኑ ነው እንጂ!»

«ሚስት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች ጀሚላ። «እሷ መሬት ላይ ትኖራለች።»

ከብየዳ ቤቱ በኩል አንድ ብረት ወድቆ ተንቃጨለ።

ሐጂ ሙሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰውየው ሌባ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ተመኘ።»

«አባቴም ሰካራም አልነበሩም፣ ሐጂ። ቆርቆሮው ነው የከዳቸው።»

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ሐጂ ሙሳ አንዱን እግር በሌላው ይለዋውጣሉ።

«ጉልበትዎን ያምዎታል፤ ይቀመጡ እንጂ» አለች ጀሚላ።

«ያመኛል። ግን አልቀመጥም።»

«በጉልበትዎ ነው እንግዲህ የሚያስፈራሩኝ?»

«በሌላ በምን ላስፈራራሽ? የቀረኝ እሱ ነው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ብየዳ ቤቱ አቅጣጫ አየች። «ሰው ከእስር ቤት እንኳ የሚወጣው በዋስ ነው። እሱም ከመሬት የሚወጣው በዋስ ይሁን። ባይመለስ ፊቱን እያየሁ የምጠይቀው ሰው እፈልጋለሁ። ዋስ ጥሩ።»

ሐጂ መሪጌታን አዩ፣ መሪጌታ ሐጂን አዩ። ሁለቱም ወደ እኔ ሲዞሩ እኔ የበሩን ማጠፊያ መመልከት ጀመርኩ።

«እኔ» አሉ አያ ይሻው።

«አንቱማ ማራገቢያውን የጠረቡት ነዎት» አለች ጀሚላ። «ግብረ አበር ዋስ ይሆናል እንዴ?»

«ስለጠረብኩት ነው የምሆነው። የእኔ ቀንበር በሬ ገድሎ አያውቅም።»

«በሬ አይበርም፣ አያ።»

«ዋስ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

ጀሚላ አየቻቸው፣ አየቻቸውና ወንበር ሳበች። «እንግዲያው ተቀመጡ» አለች። ከሁሉ ቀድመው የተቀመጡት ሐጂ ሙሳ ናቸው።

የበረራው ቀን ታኅሣሥ ውስጥ ነበር፤ መኸሩ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ማለዳ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን። ሙሐዲን «የእኛ አገር አየር ስስ ነው፤ ወፈር የሚለው በብርዱ ነው» ስለሚል ፀሐይዋ ሳትበረታ ሜዳው ደረስን። ክንፎቹን በጋሪ አምጥተን እዚያው ገጠምናቸው። ሰዉ እንደ ገበያ ቀን ተሰብስቧል። ማዶ ያሉ ገበሬዎች ሳይጠየቁ ከብቶቻቸውን ከሜዳው አወጡ። ዓለሚቱ የሚባሉ አሮጊት ዘንጋቸውን ተመርኩዘው መጥተው «እንደ ድሮው ሊመላለስ ነው? ፖስታ ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይይዝም» ማለት ከበደኝና «እንጃ እማማ» አልኳቸው።

አያ ይሻው ከኋላ አህያ እየነዱ መጡ። አህያዋ የተጫነችው መጫኛ ብቻ ነው፤ እህል በአጋሰስ ላይ የሚታሰርበት የጠፍር ገመድ። የመንደሩን መጫኛ ሁሉ ሰብስበው፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥረው አንድ አድርገውታል። መሬት ላይ ሲዘረግፉት ክምሩ ጉልበታቸው ደረሰ። ማንንም ሳያናግሩ አንዱን ጫፍ አውሮፕላኑ ጭራ ላይ አሰሩ፤ ሌላውን በእጃቸው አንጓ ጠመጠሙ።

«አያ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሙሐዲን ከመቀመጫው ዞሮ።

«ዋስ ነኝ።»

«ዋስ እኮ በቃል ነው።»

«በቃል ዋስ ሆኖ ሰው የጠፋበት ስንት አይቻለሁ። እኔ ዋስ የምሆነው በእጄ ለያዝኩት ነው። መጫኛው ሳያልቅ ትወርዳለህ።»

«አየር ላይ እያለሁ ካለቀ ጭራዬን ይዞ ይጥለኛል።»

«ሳያልቅ ውረዳ!»

ሙሐዲን ወደ ጀሚላ ተመለከተ። እሷ ክንዷን አጣጥፋ ከአያ ይሻው አጠገብ ቆማለች። ክምሩን ሲያየው ብዙ መሰለው። ትንሽ ተነሥቼ ወዲያው ብወርድ ይበቃኛል ብሎ አሰበ መሰለኝ። «እሺ» አለ።

ሞተሩ ተነሣ። ከሜዳው ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! አውሮፕላኑ እየተንገጫገጨ ሄደ፤ መጫኛው ከክምሩ እየተመዘዘ ሣሩ ላይ እንደ እባብ ተከተለው። ይሮጣል፣ ግን አይነሣም። ሐጂ ሙሳ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መሪጌታ አማተቡ። ክምሩ ጎደለ። ሜዳውም ሊያልቅ ነው። ያኔ ከጎማዎቹ ሥር ብርሃን ታየ። ስንዝር የማይሞላ ብርሃን፤ ከዚያ ክንድ፤ ከዚያ የሰው ቁመት። እልልታው ቀለጠ።

ጀሚላ አውሮፕላኑን አልነበረም የምታየው። የምታየው ክምሩን ነበር።

«ይልቀቁት!» ብላ ጮኸች።

«ዋስ ነኝ!»

«ይጥለዋል እኮ! ይልቀቁት!»

«ላንቺ ነው ዋስ የሆንኩት፤ እንዴት እለቃለሁ?»

ጀሚላ እጇን ወደ ሰዉ ዘረጋች። «ሰው ሁሉ ይስማ! ዋስትናቸውን አውርጃለሁ! አያ ይሻውን ከዋስትና አውርጃለሁ!»

አያ ይሻው በዚያ ሰዓት እንኳ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሰማችሁ?»

«ሰማን! ሰማን!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ጥምጥሙን ከእጃቸው ፈቱት። የመጨረሻው መጫኛ መዳፋቸውን ልጦ ወጣ። አውሮፕላኑም መጫኛውን እያንጠለጠለ፣ ጭነቱን ጥሎ እንዳመለጠ በቅሎ፣ በሜዳው ዳር ባሉት ባሕር ዛፎች ጫፍ ትክክል ሄደ። ወርዶ ከሜዳው ማዶ ያለው የስንዴ ቃርሚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቴ ነጠረ፤ አንዱ ጎማ ወለቀ፤ ቆመ።

ሁላችንም ሮጥን። ጀሚላ አልሮጠችም፤ በእግሯ መጣች። ስትደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሙሐዲን ገና አልወረደም።

«አየሽ?» አላት።

«አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ምንም አላየሽም?»

«ምንም።» የወለቀውን ጎማ ከቃርሚያው ውስጥ አንሥታ፣ አፈሩን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ጭኑ ላይ አኖረችለት። «ጠግነው። ሌላ ቀን አየዋለሁ።»