የሐጂ ሸምሱ መኪና ቀጭ ቀጭታ

ጭድ ተራ አጠገብ ካለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ባለቤቱና ዋና መካኒኩ ጋሼ ታደሰ የመፍቻ ሳጥኑን እንኳ አላስነኩኝም። "መጀመሪያ ጆሮሽን አምጪ" አሉኝ።

በእሳቸው ጋራዥ ደንበኛ ሁሉ የመኪናውን ድምፅ በአፉ ማሰማት አለበት። የዚያን ዕለት ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ መሃል ላይ ቆሞ "ጢ... ጢጢ... ኽርርር" ሲል ሳቄን ለመደበቅ የጭነት መኪና ሥር ገባሁ። ጋሼ ታደሰ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"መቼ ነው የሚለው?"

"ዳገት ላይ።"

"እስቲ ዳገቱን አሰማኝ።"

ሰውዬው ዳገቱን አሰማ። ችግሩ ፍሪሲዮኑ ነበር።

ስድስት ዓመት እንዲህ ተማርኩ። ያለቀ ጎሚኒ፣ የደረቀ ኩሽኔታ፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ፣ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። እየቆየሁ ልቤ አበጠ። "አስካለ ሰምታ ካላወቀችው መኪናው ዋሽቷል" ይባል ጀመር፤ ባዩ እኔው ነኝ።

ከዚያ ሐጂ ሸምሱ መጡ። በርበሬ በረንዳ የታወቁ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ከወር ወዲህ የጭነት መኪናቸው ጋቢና ውስጥ አንድ ድምፅ አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

"እስቲ ሐጂ፣ በአፍዎ ያሰሙኝ" አልኳቸው።

"እኔ? በዚህ ሽበቴ? ያመጣሁት መኪናዬን ነው፤ አፌን አይደለም።"

እሳቸው ካላሰሙ ነድቼ ልስማው ብዬ ብቻዬን ይዤው ወጣሁ። እስከ ሲኒማ ራስ ደርሼ ተመለስኩ፤ ምንም የለም። ለማንኛውም ብዬ የፊቱን ጎሚኒ ቀየርኩ። ሐጂ በማግሥቱ ተመለሱ፤ ድምፁ አለ። ንጥረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ቀየርኩ። አሁንም ተመለሱ።

ጋሼ ታደሰ ሰው ፊት ጠሩኝ። "ዛሬ ካላገኘሽው ከነገ ጀምሮ መፍቻ እንዳትነኪ። ጎማ ትነፊያለሽ።"

ስድስት ዓመት የለፋሁበት ሙያ ነው፤ እንባዬ መጣ። ዋጥ አደረግኩትና "ሐጂ፣ አብረን እንሂድ" አልኳቸው።

ገና ኮብልስቶኑ ላይ ስንወጣ ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

"ይኸው! ሰማሽ?"

ሰማሁ። ከዳሽቦርዱ አይደለም። ከበሩም አይደለም። ቀስ ብዬ ዞር አልኩ። ከሐጂ አፍ ነው! ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው መኪናው በነጠረ ቁጥር ላይኛው ታችኛውን ይመታል።

ይህ ለተከበሩ ሽማግሌ በምን አፍ ይነገራል? ብዙ አሰብኩና ዋሸሁ። "ሐጂ፣ በሙያችን ድምፅ ሲደመጥ ጥርስ ይነከሳል። እስቲ ጥብቅ አድርገው ይንከሱልኝ።"

ነከሱ። ጠፋ። አፋቸውን ፈታ አደረጉ፤ ቀጭ። ነከሱ፤ ጠፋ። አራት ጊዜ ሞከሩት። ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቁማ ቀጭ ቀጩ ባሰበት።

"መቼ ነው ያሠሩት?" አልኳቸው።

"ወር ሆነው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አሁን ለታደሰ ምን ልትይው ነው?"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"ላልቶ ነበር በይው። ውሸት አይደለም።"

ስንመለስ ጋሼ ታደሰ በር ላይ ይጠብቁን ነበር።

"ምንድን ነው?"

"ላልቶ ነበር።"

"የቱ?"

"የላይኛው" አልኩ። ሐጂ ከጋቢናው ሆነው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም።

ጋሼ ታደሰ ወደ ሠራተኛው ዞረው "አላልኳችሁም? ከመጀመሪያውም የላይኛው ነው ብያለሁ" አሉ። ጎማ መንፋቱ ቀረልኝ፤ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ድምፁ የሚሰማው ባለቤቱ ሲኖር ብቻ ከሆነ፣ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አዳምጡ።