መኪናዬ የገመተችው መንገድ

ባለፈው አርብ የእህቴ ልጅ በረከት በአዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናው ከሻርጃ ወደ ዱባይ ሲወስደኝ፣ አል ሪጋ የሚባለው ሰፈር ሳንደርስ ፊቱ ተለዋወጠ። ባንክ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ከመሪው ኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ ጠዋት መቶ ሰማንያ ኪሎሜትር ትሄዳለህ ብላኝ ነበር፤ አሁን ዘጠና ትላለች። ልታዋርደኝ ነው።»

«እኔን ስትጠብቅ ማቀዝቀዣውን ከፍተህ ምን ያህል ተቀመጥክ?»

«እርስዎ እስኪለባብሱ? ግማሽ ቀን!»

«በል ንዳ። እኔ እያለሁ መንገድ ላይ አትቀርም።»

ነዳ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ኮሮና ጊዜ፣ ወደ አሮጌዋ ነጭ መኪናዬ ሄደ።

ወጣትነት ሲባል ሰው ሃያ ዓመትን ያስባል። እኔ በሃያ ዓመቴ የረባ ነገር አላውቅም ነበር። ወጣትነቴን የምቆጥረው ከኮሮና ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበቴና ጭንቅላቴ እኩል የደረሱት ያኔ ነው። ዓረብኛን የተማርኩት ከአሠሪዎቼ ከማዳሞች ቁጣ፣ እንግሊዝኛን ከመንገድ ምልክቶች፣ መካኒክነትን ደግሞ የራሴን መኪና ፈትቼ በመግጠም ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ስለዚህ የማመሰግነው ሰው የለም፤ ከራሴ በቀር።

ያኔ የምንኖረው አጅማን ነበር። ባለቤቴ አልማዝ አልጋ በአልጋ የሚከራይ ቤት፣ ሁሉም ቢድ ስፔስ የሚለውን ዓይነት፣ ታስተዳድር ነበር። ወረርሽኙ ሲገባ ከሚሠሩበት ቤት የተሰናበቱ ሴቶች መጡና ቤቱ ጢም አለ። ምግብ አልጠፋም፤ ከጥጉ ዳቦ ቤት ትኩስ የኢራን ዳቦ ይመጣል፣ ምስሩም ይወጠወጣል። የጠፋው ብቻን መሆኛ ቦታ ነው። ማልቀስ የፈለገች ሴት የት ሄዳ ታልቅስ?

አልማዝ መላ አገኘች። ከቤቱ ፊት አሸዋው ላይ የቆመችውን መኪናዬን ክፍል አደረገቻት። ሴቶቹ ተራ ይይዛሉ፣ ገብተው በሩን ይዘጋሉ፣ ሞተር አስነስተው ማቀዝቀዣ ይከፍታሉ፤ ያለ ማቀዝቀዣማ በዚያ በጋ ሰው ይቀቀላል። አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ ከባሏ ጋር በስልክ ትጣላለች፣ አንዷ ዝም ብላ ትተኛለች። ተረኛዋ ደግሞ ከውጭ መስኮቱን እያንኳኳች፣ «ያላ፣ ቶሎ በይ! ኸላስ፣ በቃሽ እንጂ፣ እኛም እናልቅስ!» ትላለች። መኪናዬ ለሳምንታት አንድ እርምጃ ሳትሄድ ነዳጅ ስትጠጣ ከረመች። የጠጣችውን እኔ በጀሪካን እያመጣሁ እጨምርላት ነበር።

ከሁሉ በላይ መኪናዋ ውስጥ የምትቆየው አስናቀች ነበረች፤ የደሴ ልጅ፣ ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ስትሠራ የኖረች። እናቷ ደሴ ላይ ብቻቸውን ታመው ነበር። ጎረቤቶቹ በስልክ፣ «ምግብ ትተዋል፤ ከእንግዲህ ሳምንት አይቆዩም» ብለዋታል። ወደ አገር የሚወስድ አውሮፕላን ላይ ቦታ ለማግኘት ተመዝግባ መጠበቅ ከጀመረች ቆይታለች።

አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አንዲት ተሳፋሪ ታማ ቀርታለች። ከቀትር በፊት አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሰች ቦታው የእሷ ነው፤ ካልደረሰች ቀጥላ ላለችው ይሰጣል። ፓስፖርቷ ግን ሚርዲፍ፣ ማዳሟ ዘንድ ነበር።

አልማዝ ለመንገድ ዳቦና ቆሎ ቋጠረችላት፤ እኔ ሞተር አስነሳሁ። ሰሌዳው ላይ «31» የሚል ቁጥር ወጣ፤ መኪናዋ በቀራት ነዳጅ ሠላሳ አንድ ኪሎሜትር እሄዳለሁ ማለቷ ነው። ሚርዲፍ ደርሶ አውሮፕላን ማረፊያ ለመግባት ያ አይበቃም። አስናቀች አየችው።

«ጋሼ፣ አይደርስም።»

«መርፌውን እዪው፤ ሩብ ታንክ አለን።»

«ቁጥሩ እኮ ሠላሳ አንድ ይላል!»

«ቁጥሩ ነዳጁን አይደለም የሚነግርሽ፤ ግምቱን ነው። ሰሞኑን የጠጣችውንና የሄደችውን እያስተያየ ይገምታል። ሰሞኑን ደግሞ እናንተ ስታለቅሱባት ቆማ ነው የጠጣችው። ሰነፍ መኪና መስላዋለች።»

ይህን ማንም አልነገረኝም። የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ሰሌዳውንም ለዓመታት እየታዘብኩ የደረስኩበት ነው።

ማደያው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ተጠማዞ ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቷል። ከአንዱ ማሽን በቀር ሌላው ተዘግቷል።

«በሻርጃ መሐል፣ በሮላ በኩል እንሂድ፤ እዚያ ማደያ አይጠፋም» አለች።

«የሮላን የትራፊክ መብራት እየቆምን ስንጠብቅ አውሮፕላንሽ ደሴ ይደርሳል።» ማደያውን አልፌው ሄድኩ።

ትልቁ መንገድ ላይ እንደወጣን ግን ያልጠበቅኩት መጣ። መርፌው መውረድ ጀመረ። መኪናዋ አሸዋው ላይ ዘንበል ብላ ነበር የቆመችው፤ ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ አንድ ወገን ተጠራቅሞ መርፌውን ከልኩ በላይ አንስቶታል። ሜዳ ላይ ስትወጣ መርፌው እውነቱን ይዞ ወረደ፤ ቀዩ መስመር አጠገብ ደርሶ ቆመ። ቁጥሩም አብሮት ወርዶ ሃያ ሁለት አለ።

አስናቀች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «እናቴን በቁም አላያትም ማለት ነው» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ተመልሼ ብሰለፍ ቦታው ይሄዳል፤ ብቀጥል ምናልባት መንገድ ላይ እንቀራለን። ምናልባት ይሻላል አልኩ። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። የባሕር እርጥበትና የጋለ አቧራ ገባ፤ የአፍ መሸፈኛችን ከፊታችን ጋር ተጣበቀ። ከዚያ እግሬን ነዳጅ መስጫው ላይ እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው አሳርፌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነዳሁ። ኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ነፋብኝ። ይንፋ።

ሻርጃን አልፈን ዱባይ ስንገባ አስናቀች ነጠላዋን ገለጠች።

«ጋሼ።»

«ምን?»

«ሃያ ስድስት ይላል።»

«አዎ።»

«ሃያ ሁለት አልነበር እንዴ?» ጥቂት ቆየችና ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ጮኸች። «ሠላሳ! ይጨምራል እኮ! ዋላሂ ይጨምራል! ይህች መኪና ነዳጅ ትወልዳለች እንዴ?»

«ተንቀሳቀሰቻ! ቆማ የተገመተላት ሌላ፣ ሄዳ የሚገመትላት ሌላ።»

ሚርዲፍ ስንደርስ፣ አስናቀች ቀድማ ደውላላት ነበርና፣ ማዳሟ ፓስፖርቱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከአንድ ካርቶን ተምር ጋር የአጥሩ ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ ራሷ በር ላይ ራቅ ብላ ቆማለች። መተቃቀፍ ክልክል ነውና ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተላቀሱ። «ያላ!» አልኩ እኔ። ለቅሶ በነዳጄ ከዚህ ወዲያ አይፈቀድም።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስንቆም ቀዩ መብራት ከበራ ቆይቷል፤ ቀትር ግን ገና ነበር። አስናቀች ሻንጣዋን እየጎተተች ሮጠች። ዞር ብላ እንኳ አላመሰገነችኝም፤ ደስ አለኝ፤ ጊዜዋን የምታውቅ ልጅ ነች። ስመለስ ማደያ ገባሁ። ሠራተኛው መርፌውን አይቶ፣ «ሰዲቅ፣ ወዳጄ፣ በጸሎት ነው የነዳኸው?» አለኝ። በእግሬ ነው አልኩት።

አስናቀች ከሰባት ቀን ማግለያ በኋላ ደሴ ስትገባ እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። ድምፅዋን ሲሰሙ ዞሩ። መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ምነው ከሳሽ?» የሚል ቁጣ ነው። ያን ቀን አጥሚት ጠጡ። በማግስቱ ተደግፈው በረንዳ ወጡ። ሐኪምም አይደለሁ፣ ምን እንደሆነ አልመረምርም። የጎረቤቶቹ ግምት ግን ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ብቻቸውን ለተኙት ሴት። ልጃቸው ከጎናቸው ላለችው ሴት ማንም ገና አልገመተላቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ለበረከት ተርኬለት ስጨርስ አል ሪጋ ደርሰን፣ ጉዳያችንን ጨርሰን፣ ወደ ሻርጃ እየተመለስን ነበር። ቻርጅ ሳናደርጋት ሰሌዳው ዘጠና አምስት ይላል። አይቶት ፈገግ አለ። እኔ አስናቀች ጋ ደወልኩ። ስልኩን ከፍ አድርጌ በረከት እንዲሰማ አደረግኩ።

«እማማ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

ከጀርባዋ አንድ አሮጊት ዶሮ ሲያባርሩ፣ ዶሮዋንም ሲሰድቡ ይሰማል።

«እየጨመሩ ነው፣ ጋሼ» አለች።