የራስህን ራስህ አውርድ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተረከብኩት አንድ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ሽቦና ረጅም የእንጨት መሰላል ነበር። ከተማዋ ከአዳማ በሚኒባስ ብዙም አትርቅም፤ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። ማዕረጌ የማዘጋጃ ቤት የመንገድ መብራት ረዳት ሠራተኛ ነበር። አምፖል እቀይራለሁ ብዬ ገብቼ ዕድሜዬን የፈጀሁት ባንዲራ ሳወርድ ነው።

መሰላሉን የሚይዝልኝ ገመቹ የሚባል የከተማዋ ልጅ ነበር። እሱ ኦሮሞ ነው፤ የእኔ ወላጆች ከመንዝ የመጡ ናቸው። ገና እንደተያየን "አካም! ከፍታ ትፈራለህ?" አለኝ።

"አልፈራም።"

"ፍራ። ለማይፈራ ሰው መሰላል አልይዝም።"

መመሪያው አጭር ነው፤ በሕዝብ ምሰሶ ላይ ከሕጉ ባንዲራ በቀር ሌላ አይሰቀልም። ነገር ግን ለጥምቀት አንዱ ወጣት ኮከብ የሌለበትን ልሙጡን ይሰቅላል፤ ለኢሬቻ ሌላው ወጣት የኦዳ ዛፍ ያለበትን። አንዱ "አባቴ የሞተለት" የሚለውን ሌላው "አባቴ የተገረፈበት" ይለዋል። ስለዚህ እኔና ገመቹ የራሳችንን ደንብ አወጣን። ልሙጡን የማወርደው እኔ፣ ኦዳውን የሚያወርደው እሱ። የሰፈሬ ልጆች ልሙጡን ገመቹ ሲያወርድ ቢያዩ ድንጋይ ያነሳሉ፤ እኔን ግን ይሰድቡኛል እንጂ አይወግሩኝም። በእሱም ሰፈር እንዲሁ ነው። ስድቡን ደግሞ ለምደነዋል።

ደንቡ የሚሠራው ሁለቱም ሲወርዱ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊያችን ልሙጡን ሲያይ "ተዉት፣ የሃይማኖት በዓል ነው" ይል ነበር። ለኦዳው ግን ፖሊስ ይጠራል። በእሱ ዘመን መሰላል ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ ገመቹ ነበር። አንድ ቀን ሲወርድ ጎረቤቱ የሆኑ አሮጊት እግሩ ሥር ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ጨርቁን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተና መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ምሰሶ ሄደ።

ዘመን ተለወጠ፣ ኃላፊም ተለወጠ። እኩልነት መጣ ተባለ፤ እኔ የዋሁም አመንኩ። ጥምቀት አልፎ አዲሱ ኃላፊ ጠራንና "ልሙጡን ከዋናው መንገድ አጽዱ" አለን። ከኢሬቻ ጀምሮ የተሰቀለው ኦዳ እዚያው ምሰሶዎች ላይ ነበር።

"እሱስ ጌታዬ?" አልኩት።

"እሱ ባህል ነው።"

"ፊት ደግሞ ያኛው ሃይማኖት ነው ሲባል ነበር።"

"ሥራህን ሥራ!"

መሰላሉን ተሸክመን ወጣን። የመጀመሪያው ምሰሶ ጋ ስንደርስ የመውጫውን የደህንነት ቀበቶ ገመቹ ታጠቀ።

"ተራው የእኔ ነው እኮ" አልኩት።

"መጀመሪያ የእኔን አወርዳለሁ፤ ከዚያ ያንተን ታወርዳለህ። ያንተን ብቻ ስታወርድ አልይዝልህም። እኔ ቀምሼዋለሁ።"

ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ እየተፈራረቅን አወረድን። ሁለቱም ሰፈር ወጥቶ ሰደበን። በእሱ ላይ የገዛ አብሮ አደጎቹ "ገንቱ!" እያሉ ጮኹበት፤ ከሃዲ ማለታቸው ነው። እሱ ግን ጨርቁን ፈትቶ ሳይጨርስ አልወረደም።

ለእኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ገመቹ ከሥራ ተባረረ። "ሥራውን የሠራነው አብረን ነው፤ ቅጣቱ ለምን ተለያየ?" ብዬ ኃላፊውን ጠየቅሁት። "አንተ የታዘዝከውን ነው ያወረድከው" አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ኦዳው በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ተጭኖ ሄዶ ተመልሶ ተሰቀለ።

ጡረታ ስወጣ ገመቹን ዓለም ጤና ከተማ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። በአማቹ ማሳ ላይ ሽንኩርት ያጠጣል። ስለ ደመወዙም ስለ ኃላፊውም አላነሳም።

"ከእኔ በኋላ መሰላሉን ማን ያዘልህ?" አለኝ።

"ማንም። ከምሰሶው ጋር በገመድ እያሰርኩት ነበር የምወጣው።"

ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። የሁሉም በሆነ ምሰሶ ላይ የአንዱ ብቻ አይሰቀልም። አውርዱ ስትባሉ የሁሉንም አውርዱ፤ አለዚያ መሰላሉን የሚይዝላችሁ ሰው አታገኙም። እኔ ያገኘሁት አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም አባረሩት።