የሦስተኛው እርከን ዘጠኝ ኦርቢታሎች

«አንቺ እኮ የወደቅሽ ነሽ። የወደቀ ደግሞ እኔን አያርምም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማረኝ መምህር ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የማሾ መጋዘን ተከራይቶ ማጠናከሪያ ትምህርት ከፍቷል። እኔ ማትሪክ ውጤት አልመጣልኝም፤ በግል ደግሜ እስክፈተን ከሰዓት ከሰዓት ተማሪዎቹን አስጠናለት ነበር። አባቴ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር «ልጄ እያስተማረች ነው፣ ገና ናት» ብሎ የሚመልሰው በዚህች ሥራ ነው። ሥራዋ ከቀረች ምን ብሎ እንደሚመልሳቸው አላውቅም። አይመልሳቸውም።

የተጣላነው እሱ ባዘጋጀው ማስታወሻ ነው። ከተማው ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሚያጠናው እሱን ነው፤ ከማጀቴ ከተማ ድረስ መጥተው ያባዙታል። «በሦስተኛው የኃይል እርከን አሥራ ስምንት ኦርቢታል አለ» ይላል። የለም። አሥራ ስምንቱ ኤሌክትሮን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው የሚገቡበት ኦርቢታል ግን ዘጠኝ ነው፤ ኤስ አንድ፣ ፒ ሦስት፣ ዲ አምስት። የእርከኑን ቁጥር በራሱ ማባዛት ነው፣ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ በቃ። እኔም ለማትሪክ ያጠናሁት በዚያው ማስታወሻ ነበር።

ልጆቹ እንዲገባቸው ወለሉ ላይ በጠመኔ ዘጠኝ ሳጥን ሣልኩ። ከጆንያ የፈሰሰ ማሾ ለቅሜ በየሳጥኑ ሁለት ሁለት ፍሬ አስቀመጥኩ።

«ሳጥኑ ኦርቢታል ነው፣ ማሾው ኤሌክትሮን። ቲቸር የቆጠረው ማሾውን ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። እሱ ጆሮ የደረሰው ሳቃቸው ነው።

በማግስቱ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ሰዓት፣ እነሱ ፊት አቆመኝ።

«በይ፣ ተሳስቻለሁ በያቸውና ሥራሽን ቀጥይ።»

«ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩት። ይኸው፣ ገና አልተጠረገም።»

«ስንቱን ዶክተር ያደረግኩ ሰውዬ፣ ካንቺ ማሾ ልማር?»

ያኔ ነው የወደቅሽ ነሽ ያለኝ። ቀጥሎ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ማስታወሻችሁ ስንት ይላል?»

«አሥራ ስምንት!» አሉ በአንድ ድምፅ። ትናንት ሳጥኖቹን በጣቷ እየነካች እስከ ዘጠኝ የቆጠረችው ልጅ ከፊት ተቀምጣለች። እሷም አብራ አለች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው በይ።»

አፌ ላይ ደርሳ ነበር። አሥራ ስምንት ማለት ምን ይከብዳል? አባቴ በረንዳው ላይ ለሽማግሌዎቹ ወንበር ሲያወጣ ታየኝ። ልጆቹ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ያልኩትን ሊጽፉ።

«ዘጠኝ ነው» አልኩ።

ማንም አልጻፈም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ደብተሬን አነሣሁና ወጣሁ።