እማዬና የታሸገው ባልዲ

አባቴ ጓሳ ሣር ሊያጭዱ ወጥተው ከፈረስ ከወደቁ ወዲህ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አልታጠፍ አሉ። ከበግ ፀጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ጣቱ ካልታጠፈ ማጉን የሚያመላልስበትን መወርወሪያ በምን ይይዘዋል? ድሮ እማዬ ፀጉሩን ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ። አሁን ከሽመና ዕቃቸው ፊት ቁጭ ማለት ሆነ ሥራቸው። በመጨረሻም «የሚገዛ ከተገኘ ዕቃውን እሸጠዋለሁ» አሉ።

ከኮሌጅ ስመለስ ወደ አገሬ ዘመሮ ይዤው የመጣሁት ስሪዲ ፕሪንተር አለኝ፤ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ ዕቃ የሚሠራ ማሽን ነው። መዳፋቸው ላይ ታስሮ መወርወሪያውን የሚገፋ መያዣ ልሠራላቸው ቆረጥኩ። ክሩን እዚህ የሚሸጥ ስለሌለ ራሴ ነኝ የማወጣው። የውሃ ጠርሙስ ሰብስቤ አጥባለሁ፣ እከትፋለሁ፣ በኤሌክትሪክ መጋገሪያ አደርቃለሁ፤ ከዚያ አቅልጬ በጠባብ ቀዳዳ እስበዋለሁ።

በደንብ ያልደረቀ ፕላስቲክ ሲቀልጥ ምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ ይንጣጣል። ክሩ አረፋ ይቋጥራል፣ ከእሱ የተሠራውም ዕቃ በትንሽ ነገር ይሰበራል። ችግሩ መብራት ነው፤ ማድረቁን ስጨርስ ይጠፋል። እስኪመጣ የደረቀውን ፕላስቲክ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ከትቼ፣ ከጫማ ካርቶን ያጠራቀምኳቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሬ፣ ክዳኑን ግጥም አደርገዋለሁ። ጉሙ በየስንጥቁ የሚገባበት አገር ነውና።

የመጀመሪያው መያዣ አባቴ እጅ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ስብርባሪውን መልሰው ሰጡኝና «በቃሽ ልጄ፣ አትድከሚ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መጋገሪያውን ረገምኩ፣ መብራቱን ረገምኩ፣ ጉሙንም አልማርኩትም።

አንድ ማለዳ እማዬን ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ክዳኑን ከፍታ የደረቀውን ፕላስቲክ በእጇ ታገላብጣለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አናፍሰዋለሁ እንጂ! እንዲህ ታፍኖ ሊሻግት ነው እንዴ? ገብሱንስ እያናፈስን አይደል የምናቆየው?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መጀመሪያ ካሸግሽው ጀምሮ ነዋ፣ በየማለዳው። አንቺ ሥራ ይበዛብሻል ብዬ።»

ደሜ ፈላ። ልጮህ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ገብስ ሳይናፈስ ሲቀር ይበላሻል፣ ይሄ ደግሞ ሲናፈስ ጉሙን ይጠጣል አልኳት። ባልዲውን ትኩር ብላ አየችው።

«መያዣውን እኔ ነኛ የሰበርኩባቸው» አለች።

የከተፍኩትን እንደገና አድርቄ፣ መብራቱ እንደ ልማዱ ሲጠፋ ወደ ባልዲው መለስኩት። እሷ ለጧፍ ያስቀመጠችውን ሰም አምጥታ የክዳኑን ዙሪያ ደፈነችው። መብራት እስኪመጣ ድረስ እኔንም አላስጠጋችኝም፤ የባልዲው ዘበኛ ሆና አረፈችው።

መብራት ሲመጣ ሰሙን ራሷ ልጣ ሰጠችኝ። ፕላስቲኩ ሳይንጣጣ ቀለጠ፣ ክሩም ጥርት ብሎ ወጣ። ሦስተኛውን መያዣ አባቴ መዳፍ ላይ አሰርኩት። መወርወሪያውን ሲገፉ ጆሮዬ ስብራት ይጠብቅ ነበር። መወርወሪያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

አባቴ ቀና ሳይሉ ብዙ ሠሩ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «ማጉ አይበቃኝም» አሉ።

እማዬ ተነሳች። እሳቸው ከወደቁ ወዲህ ግድግዳው ላይ ሰክታው የነበረውን እንዝርት አወረደች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ከጎናቸው ተቀመጠች።