የኡም ኤልያስ በጎች

ኔታንያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ካሜራዬን አንግቼ ከምኖርበት ሰፈር ከኪርያት ሀሻሮን የወጣሁት ለአንድ ፎቶ ብዬ ነው። ማትናስ በሚሉት የሰፈራችን የባህል ማዕከል የማታ የፎቶ ትምህርት እማራለሁ፤ ለመዝጊያው ኤግዚቢሽን «እጅና እምነት» በሚል ርዕስ ሥራ አምጡ ተብለናል። ላይኛው ገሊላ ባለች የዓረብ ካቶሊኮች መንደር ኡም ኤልያስ የምትባል ሴት፣ ለገና ግርግም የሚደረደሩትን ማርያምን፣ ሕፃኑን፣ እረኞቹንና በጎቹን ከጭቃ ትሠራለች ሲሉ ሰምቼ በስልክ ቀጠሮ ያዝኩ። እኔ የፈለግሁት ጭቃ ላይ ያለ እጅ ነው።

ብቻዬን ልሄድ ነበር። ዶራ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እታለም የሚላት፣ ሰምታ ደወለች።

«የክርስቲያን መንደር፣ ብቻሽን? ሰው ምን ይላል?»

«ፎቶ ላነሳ እንጂ ልጠመቅ አይደለም እኮ፣ እታለም!»

«እሱንማ እኔው አይቼ ልፍረድ።»

ባቡር ጣቢያው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ከገበያ የገዛችውን፣ ክሌመንቲና የሚሉትን ትንሽ መንደሪን በፌስታል ቋጥራ ጠበቀችኝ። የማታውቀው ሰው ቤት አትበላም።

ስለ እታለም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሠርግም ሆነ በግርዛት ድግስ በተነሳነው ፎቶ ሁሉ እጇን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ነው የምትታየው። ጎንደር ሳለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። በዚያ አገር ደግሞ ሸክላ የሚሠራውን የእኛን የአይሁዱን ሰው ክርስቲያን ጎረቤቱ «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይለው ነበር። እዚህ ከመጣች ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው፤ አንድ ቀን ጭቃ ነክታ አታውቅም።

ናሃሪያ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ቢንያሚና ላይ ባቡር ቀየርን። ከሃይፋ በኋላ ባሕሩ በግራ በኩል አብሮን ሄደ። እታለም ፊት ለፊቷ ለተቀመጠው ወታደር «ብላ ልጄ፣ ከሳህ እኮ» እያለች ክሌመንቲና ስትልጥ፣ ራሷም ስድስት ጨረሰች። ከናሃሪያ አውቶቡሱ በወይራ ዛፎች መሀል ሽቅብ ወጣ።

መንደሩ፣ አምስት ሰዓት ገደማ

መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የማርያም ሐውልት ቆማለች፤ የፕላስቲክ አበባና ባለቀለም አምፖል ተጠምጥሞላታል። አነሳሁ። በየበሩ አናት ፈረሰኛ ዘንዶ ሲወጋ የሚያሳይ የሸክላ ሰሌዳ አለ።

«ይኼማ ጊዮርጊስ ነው!» አለች እታለም። «ጎንደር፣ እነ አለቃ ቤትም ነበረ።» የድሮ ጎረቤት ያገኘች ትመስል ነበር።

ኡም ኤልያስ ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ከቤቷ ሥር ባለች ክፍል መደርደሪያው ሙሉ ነገሥታት፣ እረኛና ግመል ነው። በዕብራይስጥ ተቀበለችንና ቴምር የተሞላ ብስኩት አቀረበች። «ጾም ነኝ በያት» አለችኝ እታለም። ያን ሁሉ ክሌመንቲና የበላችው ሴት!

ሴትየዋ ጭቃ ቆርሳ መሥራት ስትጀምር ካሜራዬን አነሳሁ። ወዲያው ሥራዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነችው።

«ያለቀውን እንደፈለግሽ አንሺ። እጄ ጭቃ ላይ ሳለ ግን ማንም አያየኝም። ዓይን አለ። ዓይን ያረፈበት ጭቃ እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምትለው።» ግድግዳው ላይ ለዓይን መከላከያ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ዶቃ አሳየችን።

ይኼን ለመረዳት እታለም አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ፌስታሏን አንስታ ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ «አገር ለቅቄ መጣሁ፤ ስሙ ቀድሞኝ መጥቷል» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምን አልኳት?» አለች ኡም ኤልያስ ደንግጣ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡዳውንም፣ ጅቡንም፣ የተደበቁትን እጆችም። ጭቃ የለበሱ መዳፎቿን አየች።

«እኔም እኮ ሸክላ ሠሪ ነኝ። እዚያ ብወለድ እኔም ጅብ ነበርኩ ማለት ነው?»

በሩ ላይ ቆማ ለቀረችው አክስቴ ተረጎምኩላት። እታለም ሳታስበው «ከነልጆችሽ!» አለች። እሱንም ስተረጉም ኡም ኤልያስ ሳቋ ፈነዳ፤ እታለምም ሳቀች።

ከዚያ ሴትየዋ ካርቶን ሙሉ እግራቸው የተሰበረ በጎች አወጣች። በየዓመቱ እንዲህ ነው አለች፤ በሩን ዘግታ ብትሠራም ከእሳት ሲወጡ እግራቸው ይረግፋል። እታለም አንዱን አነሳች። ስብራቱን በጥፍሯ ፋቀችው፣ ምላሷን አስነካችው።

«ዓይን አይደለም። የተወቀጠ ገል አልተደባለቀበትም። ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም።»

ኡም ኤልያስ ያረጀ የአበባ ማሰሮ ሰበረች። እታለም እጅጌዋን ሰብስባ ስባሪውን ወቀጠች፣ በሻይ ማጥለያ ነፋች፣ ከጭቃው ጋር አሸች። ሠላሳ ዓመት ሥራ የፈቱ ጣቶች አንዲት ነገር አልረሱም።

«ማርያምን ራሷ ትሥራ፤ እኔ ምስል አልሠራም» አለችኝ።

«በጉስ ምንድን ነው?»

«በግ በግ ነው!»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ ኡም ኤልያስ ጨርቁን ወዲያ ጣለችው። «አሁን አንሺን» አለች። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። የእታለም እጆች ከነጭቃቸው ነጠላው ሥር ገቡ። እግዜር ያውቃል፣ ጣቴ የካሜራው ቁልፍ ላይ ነበር፤ ይኼን ያህል መንገድ የመጣሁትም ለዚያ ነው። ግን የሌንሱን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።

ኔታንያ፣ አመሻሽ ላይ

የሐውልት፣ የጊዮርጊስና የግመል ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። መምህራችን አይቶ «ቆንጆ ነው፤ እጁ የታለ?» አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ኡም ኤልያስ በዋትሳፕ ፎቶ ላከች፦ አሥራ ሁለት በጎች፣ ሁሉም በአራት እግራቸው ቆመዋል። ከሥሩ በድምፅ «አንዱም አልተሰበረም። ለእህቴ ንገሪያት» ብላ የመንደሩንም ወሬ አከለችበት። ወደ ዶራ በረርኩ።

እታለም ስልኩን ተቀብላ ምስሉን በሁለት ጣቷ እያሰፋች የእያንዳንዱን በግ እግር መረመረች።

«ማን እንዳሳያት ተናግራለች?»

«ለመንደሩ ሁሉ። ከጎንደር የመጣች ባለሙያ አስተማረችኝ እያለች ነው።»

ስልኩን መለሰችልኝ። እኔ ገሊላ ድረስ እጅ ፍለጋ ስሄድ እጁ አብሮኝ በባቡር ተሳፍሮ ነበር፤ ሳላስገድደው በመመለሴ ደስ ያለኝ ገና ያን ጊዜ ነው። እታለም ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ላይ አደረገች፤ ሁለት እጇንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ካሜራሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ፊቴን ተይው። እጄን አንሺ።»