"አምስቱ ከደዶ" ጌም ቤቴ የገባ ሰሞን

ጌም ቤት በከፈትኩበት የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጎረምሶች በሩ ላይ ደርሰው እኔን ሲያዩ ተመለሱ። አንዱ "የማን እናት ናት?" ሲል ከውስጥ ሰማሁት። ሌላው "የኔ አይደለችም፣ ያንተን እይ" አለው። ወጥቼ "የማንም እናት አይደለሁም፤ ግቡ" አልኳቸው። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው ግን ለማንኛውም ብሎ ቤቱ ሄደና እናቱ መኖሯን አይቶ ነው የተመለሰው።

ከዚያ በፊት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት የወንድሜ ልጅ አጋሮ ከተማ ሥራ አገኘና ቴሌቪዥኖቹንና የጌም ማሽኖቹን ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለው ቤቴ የፊት ክፍል ትቶልኝ ሄደ። "አክስቴ፣ ሥራው ማብራትና ማጥፋት ነው" ብሎኝ ነበር።

ማብራትና ማጥፋት አይደለም። መብራት ሲዋዥቅ ስታብላይዘሩን መጠበቅ አለ። የጆይስቲክ ጎማ ሲበላ መቀየር አለ። ሳምቡሳ የበላ እጅ ወደ ቧንቧ መመለስ፣ ጫት በር ላይ ማስቀረት አለ። የተሸነፈ ሰው "ጆይስቲኩ አይሠራም" ሲል ደግሞ "እስቲ ጣትህን አሳየኝ" ማለት አለ።

በጌም ቤት ማዕረግ አለ። ከታች ተመልካች ነው። ከሱ በላይ መካሪ አለ፤ ከጀርባ ቆሞ "አቀብለው! ምታው!" የሚለው። ከሁሉም በላይ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። በእኔ ቤት ወንበሩ ብዙውን ጊዜ የናስር ነበር። ናስር ባጃጅ ነጂ ነው፤ በኳስ ጌም የሚችለው አልነበረም። አንዳንዴ ሲሸነፍ "መብራቱ ነው" ይላል፤ መብራት ባልሄደበት ቀንም።

አንድ ቀን ሀዊ የምትባል ልጅ ላፕቶፕ ታቅፋ መጣች። ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ኮምፒውተር ተምራ የወጣች ናት። እሷና ሮቤል የሚባል የሥራ ባልደረባዋ "የበቅሎ መንገድ" የሚለውን ጌም የሠሩ ናቸው። ያን ጌም ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል። በቅሎ ላይ ቡና ጭኖ መሮጥ ነው፤ ሽፍታ ሲመጣ በአለንጋ መግረፍ። ጣት ይፈልጋል፤ ሌላ ነገር አይፈልግም።

"አሁን ከሱ የወጣ ሌላ ጌም ሠርቻለሁ፤ 'አምስቱ ከደዶ' ይባላል" አለችኝ። "በበቅሎ መንገድ ላይ መንገድ ዳር ቆመው የሚታዩት ሰዎች ትዝ ይሉዎታል?"

"እነዚያ በቅሎ ሲያልፍ እጃቸውን የሚያወዛውዙት?"

"አዎ። አሁን ታሪኩ የነሱ፣ የአምስቱ የደዶ ገጠር ሰዎች ነው። ግን ሩጫ የለውም።"

"ታዲያ ምን አለው?"

"ተራ።"

ከፍታ አሳየችኝ። ሜዳው እንደ ዳማ ገበታ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል። አምስቱን ሰዎችህን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሳለህ፤ ከዚያ ጠላት የራሱን ያንቀሳቅሳል። እያንዳንዱ ሙያ አለው፤ በተዋጋ ቁጥር በሙያው ይበረታል። ጋሻ ያዡ ይከላከላል። ቀስተኛዋ ከሩቅ ትወጋለች። ወጌሻው ቁስለኛ ያክማል። በቅሎ ነጂው ስንቅ ያመላልሳል። አምስተኛው ሽማግሌ ነው፤ እሱ የመረቀው ሰው ክንዱ ይጠነክራል። ራሱ ግን አንድ ምት አይችልም። ስለዚህ ቦታው ከኋላ ነው።

ሮቤል ጌሙን አልወደደውም። "ሰው ለዳቦም ተራ አይጠብቅም" ብሏታል። በመጨረሻ ተስማሙ። እስከ ቅዳሜ ድረስ በእኔ ቤት አንድ ሰው እንኳ ማንም ሳያስገድደው የመጀመሪያውን ውጊያ ከጨረሰ ጌሙ ይቀጥላል። ካልሆነ ይተዋል፤ ሁለቱም ወደ በቅሎው ይመለሳሉ።

"እኔ ወደ በቅሎው አልመለስም" አለች ሀዊ። "እናቴ ባንክ ለመቀጠር ተፈተኚ ትለኛለች፤ እፈተናለሁ።" ይህን ስትል አላለቀሰችም። ጥሩ አደረገች፤ ላፕቶፕ እርጥበት አይወድም።

ጌሙን በአንዱ ቴሌቪዥን ላይ ካስከፈትኳት በኋላ ጥግ ላይ አስቀመጥኳት፤ ማን እንደሆነች ግን ለማንም አልተናገርኩም። ናስር ሲገባ ቴሌቪዥኑን ሰው እንዳያየው እንደሚደበቅ ነገር በክንዴ ከለል አደረግኩት።

"ማዘር፣ ምንድነው እሱ?"

"ላንተ አይሆንም። ጭንቅላት ይፈልጋል።"

ወዲያው ወንበሩ ላይ ነበር። ማንም አላስገደደውም።

ቁልፎቹን ሁሉ አንድ ላይ ተጫናቸው። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። "ተበላሽቷል" አለ።

"ተራህ አይደለም" አልኩት።

"የማን ተራ ነው?"

"የጠላት።"

"ጠላት ደግሞ ተራ አለው እንዴ?"

ተራ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከጎረቤት ልብስ ሰፊው አቶ ተካ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። አቶ ተካ ዳማ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። በቀጥታ የመካሪነት ቦታ ያዙ። "ቀስ በል፣ ቀስ በል፤ ጠላት ስንት ነው? ከየት መጣ?" አሉ። ቀስ በቀስ ናስር ገባው። ጋሻ ያዡን አስቀደመ፣ ቀስተኛዋን ከዛፍ ኋላ አቆመ። ሀዊ ጥግ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ናስር ሽማግሌውን አነሳና በሁለቱ ጦር መሃል፣ ሜዳው እምብርት ላይ አቆመው።

"እሱ ነው!" አሉ አቶ ተካ። "መጀመሪያ ይነጋገሩ።" ተመልካቹም ሁሉ ልክ ነው አለ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረም።

የጠላት ተራ ደረሰ። አንድ ቀስተኛ ቀስቱን ሳበና ሽማግሌውን ወጋው። ሽማግሌው ወደቀ።

እንዲህ ያለ ጩኸት በዋንጫ ጨዋታ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። "ጃርሳ ይመታል እንዴ? ሽማግሌ እኮ ነው!" ይላል አንዱ። አቶ ተካ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ናስር ጆይስቲኩን አስቀምጦ ተነሳ።

"ወላሂ፣ ይሄን የሠራው ሰው አሳዳጊ የለውም።"

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች ሀዊ ከጥግ።

ናስር አያት። "አላህ ይቅር ይበልሽ" ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሌሎች ተቀመጡ። ሁሉም እዚያው ሲደርሱ ሽማግሌውን መሃል ላኩ። ሁሉም ተነስተው ሄዱ። ሀዊ ማስጠንቀቂያ ጻፈችበት፤ "ሽማግሌውን ከኋላ ያቁሙ" የሚል። ማንበብ አነበቡት፤ ከዚያ ሽማግሌውን መሃል ላኩት። አንዱን ለምን ብዬ ብጠይቀው "ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ናስር ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ።

"ልጫወት አይደለም የመጣሁት፤ ልናገር ነው። ያቺ ልጅ አለች?"

አለች። ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ጠላቱ ማን ነው?"

"ወንዝ ማዶ ያለ መንደር ነው" አለች ሀዊ። "በግጦሽ ተጣልተው ነው።"

"ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ሽማግሌ አይመታም። ነገ ልጁን ለማን ሊድር ነው? ጅብ ነው በይኝ፣ ይገባኛል። ከጨረቃ የመጣ ነው በይኝ፣ እሺ። ጎረቤት ግን አይመታም።"

"ጌም ነው እኮ፣ ናስር።"

"ጌምም ቢሆን!"

እኔ ጆይስቲክ እየወለወልኩ ነበር። የሚወለወል አልነበረም፤ ወልውዬው ነበር። ሀዊ "ኤጋ፣ እንግዲያው ሽማግሌው እስኪጨርስ ሁለቱም ወገን ይቁም?" አለች። ናስር "ይቁም" አለ። "ነገሩን ሲጨርስስ?" "ያኔ ካልተስማሙ ይዋጉ። ማን ከለከላቸው?" ላፕቶፗን ከፈተች።

ቅዳሜ ሮቤል መጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ "እንደምን ዋሉ፣ እናቴ" ብሎ በር አጠገብ ቆመ። ፊቱ ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ፊት ነበር።

ናስር ወንበሩን ያዘ። ሽማግሌው መሃል ቆመ፤ ጠላት ቀስቱን አወረደ። ቤቱ ሁሉ "አልሃምዱሊላህ" አለ። አቶ ተካም አሉ፤ እሳቸው እንኳ ክርስቲያን ናቸው።

ሽማግሌው ሲናገር መምታት እንጂ መንቀሳቀስ አልተከለከለም፤ ናስርም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ወጌሻውን ልኮ ቀድሞ የቆሰለውን ጋሻ ያዥ አሳከመ። ሽማግሌው አሁንም ይናገራል። ስንቅ አስመጣ። ሽማግሌው ይናገራል። ከዚያ ቀስተኛዋን ቀስ አድርጎ በጫካው አዙሮ ከጠላት ጀርባ አቆማት።

"ምን እያደረግክ ነው?" አሉ አቶ ተካ።

"ምንም። እየሰማሁ ነው።"

"በሽምግልና ሰዓት ዞረህ ልትወጋ? ነውር አይደለም?"

"ጌም ነው እኮ፣ አቶ ተካ!"

ሽማግሌው ሲጨርስና ጠላት አልስማማም ሲል ውጊያው ወዲያው አለቀ። ናስር አሸንፎ ተነሳና ዙሪያውን እጅ ነሳ። ግማሹ ቤት ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይሰድበዋል። ኳሱ ማሽን ላይ ማንም አልነበረም።

ሮቤል "ይሄ ቀዳዳ ነው፤ መደፈን አለበት" አለ።

"ይደፈን!" አሉ አቶ ተካ።

"እንዳይነካ!" አለ ናስር። "ወላሂ ከነካችሁት ዳግመኛ አልመጣም!"

"አንተ ባትመጣ ይሻላል፤ ለእኔ ወንበር ይለቀቃል" አሉት አቶ ተካና ተቀመጡ። ውጊያውን እንደ ገና ከመጀመሪያው አስነሱት፤ ያለ ነውር ማሸነፍ እንደሚቻል ሊያሳዩት ነው። ተሸነፉ። እንደ ገና ጀመሩ።

ሮቤል ሁለት ጊዜ ሲሸነፉ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ ሀዊ ዞሮ "ሁለተኛው ውጊያ ደርሷል?" አላት።

"የት ይደርሳል? ልትተወው አልነበር?"

"አድርሺው" አላት። ባንኩም ያለ ሀዊ ሥራውን ቀጠለ።

ጌም ቤት ለሚከፍቱ የምለው ይህን ነው። አዲስ ጌም ሲመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚለውን አትቁጠሩት፤ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ይሳደባል። ዝም ብሎ የወጣ አይመለስም። ተሳድቦ የወጣው ግን በማግስቱ ሊከራከር ከመጣ፣ ለዚያ ጌም አንድ ቴሌቪዥን ለይታችሁ ስጡት።